በግራ እጅ የሚነሳ ወንበር

ከሆቴል የወጣ አሮጌ ዕቃ ነው የምሸጠው። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይወዘውዘዋል፣ ከዚያ ዋጋ ለማስቀነስ ያጣጥለዋል። ሲመዝን ያየሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሐጂ፣ አገር ቤት ልንሄድ ስንል ሁላችንም ሻንጣ የምናንጠለጥልባትን ትንሽ ሚዛን ይዘው ገቡ። ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወንበሮቼን አንድ በአንድ ይሰቅሉ ጀመር።

"ሐጂ፣ ወንበር በኪሎ መሸጥ ጀመርኩ እንዴ?" አልኳቸው።

"በኪሎ ብትሸጥማ ይሄኔ ሀብታም ነበርክ። ሁሉም ድንጋይ ነው።"

ሐጂ ወሎ እያሉ አናጺ ነበሩ። እዚህ ላስ ቬጋስ ከመጡ ወዲህ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፉ ኖረዋል። አሁን መስጊድ የሚሰግዱት ተቀምጠው ነው። የመስጊዱ ወንበር ብረት ስለሆነ፣ ከዘራ ይዘው በአንድ እጅ አይነሳላቸውም። በገቡ ቁጥር ሦስት አራት ሰው ተሯሩጦ ያመጣላቸዋል። ያስመረራቸውም ይኸው ነው።

"ስንቱን ሰው ስገፋ ኖሬ፣ ወንበሬን ሰው ተሸክሞልኝ አላህ ፊት መቅረብ ከበደኝ" አሉኝ።

ግራ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ የሚችለው ሦስት ኪሎ ነው። ቤታቸው ቦርሳ ውስጥ ሩዝ እየጨመሩ ለክተውታል።

ከካዚኖ የወጣ አንድ ወንበር መረጡ። እግሩና መደገፊያው ቀጭን ነው፤ መቀመጫው ግን ኦክ የሚሉት ድፍን ከባድ እንጨት። መቀመጫውን ነቅለን የቀረውን ስንሰቅለው ሁለት ኪሎ ሆነ። ከየት እንደመጣ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ እግሩ ቁማር አልተጫወተም ብለው አለፉት።

እንግዲህ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ሰው የሚችል መቀመጫ ከየትኛው እንጨት ይወጣል? ይህን ሁሉ ወንበር ስሸጥ ጠይቄው አላውቅም። ሱቄን ዘግቼ ወደ እንጨት መሸጫ ይዣቸው ሄድኩ። አገር ቤት ቢሆን ዋንዛ ብዬ እገላገል ነበር እያሉ መንገዱ አለቀ።

ሐጂ ጣውላውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል፣ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፣ ያሸቱታል። ባልሳ የሚሉት እንደ ስፖንጅ ቀለለ፤ ጥፍራቸው ግን ሰመጠበት። ይሄ ትራስ ነው አሉ። የሴዳሩን ሽታ ወደዱት፤ ጫፉን ጫን ቢሉት ተሰነጠቀ። ፓይኑ ጉጥ በጉጥ ነበር። ፖፕላሩን ግን ደግመው አንኳኩት፤ እሱን እንደመረጡ ገባኝ።

እኔ ደግሞ ከመሸጫው ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ያንኑ ፖፕላር በግማሽ ዋጋ አየሁ። ግማሽ ዋጋ ሳይ እጄ ይቀድመኛል። ሐጂ ጣውላዬን ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

"ይቀዘቅዛል። ውሃ አልወጣለትም።"

የውስጡንና የእኔን ተራ በተራ ሰቀሉ። መጠናቸው እኩል ሆኖ የእኔው በጣም ከበደ። ላስ ቬጋስ በረሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ እንዴት ይደርቃል ብሎ መጨነቅ አለ እንዴ ብዬ ተከራከርኩና ገዛሁት። ወስጄ የሱቄ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። በሳምንቱ ክብደቱ እንደተመኘሁት ወርዷል፤ ጣውላው ግን እንደ ማንኪያ ጎብጦ መሃሉ ተሰንጥቋል። ሐጂ አዩት። ሚዛናቸውን አወጡ፣ ሰቀሉት።

"ቀሏል" አሉ።

ተመልሰን ደረቁን በሙሉ ዋጋ ገዛን። ተቆርጦ ሲገጠም ወንበሩ ሦስት ኪሎ ከሩብ ሆነ። እኔ ሩብ ኪሎ ምን አላት ልል ነበር፤ ሐጂ ግን መቀመጫውን ነቅለው እንደ በርጩማ መሃሉን በመሮ ይጎደጉዱት ጀመር። ጥቂት ይጠርባሉ፣ ይሰቅላሉ፣ እንደገና ይጠርባሉ። የአገር ቤት በርጩማ መሃሉ የጎደጎደው ለምቾት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሚዛኗ ሦስት ስትል መሮውን አስቀመጡ።

ዓርብ መስጊድ እኔው አደረስኳቸው። ፓርክ አድርጌ የመኪናዬን ኋላ ስከፍት እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወንበሩ ሄደ።

"ተው" አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዘራውን በቀኝ፣ ወንበሩን በግራ ያዙ። በሩ ጋ የቆሙ ሁለት ሰዎች ወንበሩን ሊቀበሏቸው እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ሐጂ ሰላምታ ሰጥተዋቸው አለፉ። እኔ ፓርኪንጉ ላይ እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። እስከ ውስጥ ድረስ አንዴም አላስቀመጡትም።