ስልክ የማይሠራበት አሸዋ

በኃይል ሲነፍስ የቆየ ነፋስ ድንገት ሲቆም ጆሮ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ከክፍል ወጥቼ በሁለት ፎቆች መካከል ስታጠፍ ያ ድምፅ መጣብኝና ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ተመልሼ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ እግሬ ሥር ነጭ አሸዋ ነበር፣ እናቴም ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ዛሬም ኔትወርክ የለም?» ስትል ሰማኋት።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይትሆል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ሰመር ላይ ኮሮና ሁሉን ነገር ዘግቶት፣ ትምህርቴ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ቅዳሴው ዩቲዩብ ውስጥ ገብቶ፣ እናቴም ትሠራበት የነበረው ሆቴል አሰናብቷት እቤት ትውል ነበር። ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፓርኪንጉ ውስጥ የቆሙትን መኪናዎች በቀለማቸው እየለየሁ እቆጥር ነበር፤ ይኼን ለሰው ስናገር ይስቃል፣ እኔ ግን ያን ያህል ብቸኛ ነበርኩ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወደ ሰሜን ዕቃ ሲያደርስ ያየውን ቦታ ሊያሳየን፣ አንድ እሑድ ቅዳሴውን ከላፕቶፕ ተከታትለን እንዳበቃን፣ ዳቦና ሻይ አስይዞ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድቶ ኤሪ ሐይቅ አደረሰን። ማዶው ስለማይታይ እኛ «ባሕሩ» ነበር የምንለው። ነፋሱ አይጣል ነው፤ የመኪናውን በር ከእጄ ነጥቆ ይከፍተው፣ የእናቴን ነጠላ አንገቷ ላይ ይጠመጥመው ነበር። ታዲያ ትላልቆቹን ነጫጭ ድንጋዮች ተሻግረን ስንወርድ፣ ሐይቁ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሠራቸው ሦስት ትንንሽ ጥጎች ነበሩ፤ አሸዋቸው እንደ ዱቄት የነጣ፣ ውሃቸው የረጋ፣ ነፋሱም ከላይ እያፏጨ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይወርድም። ሦስተኛዋ ጠባብ ስለነበረች ሌላ ሰው አይመጣባትም፤ እሷን የእኛ አደረግናት፣ አባቴም «ጉያዋ» ይላት ጀመር። ነሐሴ ላይ እናቴ እዚያው አሸዋ ላይ አስቀምጣኝ፣ እጄን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ወንድም ወይ እህት ሊመጣልኝ መሆኑን ነገረችኝ። ከደስታዬ ብዛት ከነጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

መስከረም ላይ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወርጄ አባቴን መኪናው ውስጥ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አገኘሁት። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። «አባባ ዐርፈዋል እንግዲህ፤ ቀብሩም ትናንት ተፈጽሟል። እሷ እንዳትሰማ፣ አደራ!» አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ እናቷ በልጅነቷ ሞተውባት እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ጆሯቸው ስለደከመ በየእሑዱ ስትደውልላቸው ጩኸቷ ጎረቤት ይሰማ ነበር። አባቴ ሲያየኝ ደንግጦ በሩን ከፈተና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ዋይ? ለምን?»

«እርጉዝ መርዶ አይነገራትም። ደንግጣ ፅንሱ ቢወርድስ?»

«ስትወልድስ?»

«አራስም አይነገራትም። ክርስትናው ይለፍ፤ ከዚያ በደንቡ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ጋሼ ታደሰ ያረዷታል።»

ጋሼ ታደሰ እዚያው ኮሎምበስ ዳር፣ ጋሃና በሚባል ቦታ የሚኖሩ የዕድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። «ኦኬ፣ ዳዲ» አልኩት። ከተናገረው ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አፌን ከከፈትኩ ገና ያልተወለደው ልጅ ይሞታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉያዋ ሌላ ሥራ ያዘች። እሑድ ሰው ሁሉ የሚደዋወልበት ቀን ነውና፣ ነገሩን የማያውቅ አንድ ዘመድ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» ቢላት አለቀልን። ጉያዋ ውስጥ ደግሞ፣ ድንጋዮቹ ከልለዋት ይሁን እንጃ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ስለዚህ አባቴ ዝናብ ቢዘንብ ነፋስ ቢነፍስ «ንጹሕ አየር ለፅንሱ ጥሩ ነው» እያለ በየእሑዱ ይነዳን ነበር፤ ፌስቡኳን ደግሞ «ለፅንሱ ጥሩ አይደለም» ብሎ ዲሊት አደረገባት። ለፅንሱ ጥሩ ያልሆነው ነገር ብዛቱ! አባባም ጠበል ገብተዋል፣ ሱባኤ ስለያዙ ስልክ አይነኩም ተባለ። አጎቴም ሆነ አዲስ አበባ ያሉት ሌሎች ዘመዶች ይኼንኑ ስለሚደግሙላት፣ እናቴ «ደግ አደረገ፣ ወገቡ ይሻለዋል» እያለች ትጽናና ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ሐይቁ አመድ በመሰለበት አንድ ቀን፣ አባቴ ብርድ ልብስ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲወጣ እኔና እናቴ አሸዋው ላይ ለብቻችን ቀረን። ውሃውን ስታይ ቆየችና ዞር ብላ አገጬን ያዘች።

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እይኝ። አባባን አሞታል አይደል? አባትሽ የሚደብቀኝ ነገር አለ?»

«ኖ፣ ማሚ። ጠበል ነው ያሉት።»

«ማሚ ትሙት በይ።»

«ማሚ ትሙት።»

ትከሻዋ ወረደ። «ልጅ አይዋሽም» አለችና ግንባሬን ስማኝ፣ የተረፈውን ዳቦ አውጥታ በላች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እናቴ ባስነጠሳት፣ ባሳላት ቁጥር፣ መሐላዬ ሊገድላት ነው ብዬ እሸበር ነበር፤ ጊዜውም ሳል የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ለአባቴ እንዳልነግረው የራሱ ጭንቀት ይበቃዋል፤ ለጓደኞቼ ልንገር ብልም በእንግሊዝኛ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላውቅም። ታኅሣሥና ጥርን እንዲሁ፣ እናቴ ስታየኝ እየሳቅሁ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እያለቀስኩ አለፍኳቸው። ጉያዋም አሸዋዋና በረዶዋ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር።

የካቲት ላይ ወንድሜ ተወለደ። ደህና፣ ወፍራም፣ ጩኸታም ልጅ ነበር፤ እጁን ይዤ ስንት ነገር እንዳሳለፍኩለት በሹክሹክታ ነገርኩት። እናቴ ግን የሆስፒታሉን ፎርም ስም ሳትሞላ ትታው ወጣች። «ለወንድ ልጄ ስም የሚያወጣው አባባ ነው። እስኪደውል እጠብቃለሁ» አለች። አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ ክርስትናውም እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ አባቴ ዳይፐር ልንገዛ በወጣንበት መኪናውን ዳር አስይዞ «አንድ ስም አምጪ» አለኝ።

«ናታን?»

«የእሳቸው ዕድሜ ሰው ናታን ይላል እንዴ! የሽማግሌ ስም አምጪ እንጂ።»

ከኮሮናው በፊት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን፣ ከዘራ የያዙትን አባቶች አንድ በአንድ አስታወስኩና «አስፋው» አልኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመው። «አዎ፣ ይኼ የእሳቸው ነው የሚመስለው» አለና መኪናውን አስነሣ። እቤት ስንገባ «አባባ ሰው ልከው ስም አውጥተዋል፤ አስፋው በሉት ብለዋል» ሲላት፣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሕፃኑን ወደ አፏ አስጠግታ «አስፋው፣ አስፋዬ፣ የአባባ ስጦታ» እያለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ሽማግሌዎቹ ክትባታቸውን ጨርሰው መሰብሰብ የቻሉት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ከመሆኑ በሩ ተንኳኳ፣ እናቴም ወንድሜን ታቅፋ ከፈተች። ደረጃው ላይ ማስክ ያደረጉ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ሞልተዋል፣ ከፊታቸው ጋሼ ታደሰ ቆመዋል። ማንም ሳይናገር «አባቴን! አባቴን!» ብላ ጮኸች። ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀብዬ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እናቴ ማዶ ደረቷን እየደቃች እኔ እፎይ ነው ያልኩት። ዘጠኝ ወር የያዝኩትን ነገር ሌሎች ሰዎች ተቀበሉኝ፣ ማሚም በመሐላዬ አልሞተችም፣ አለቀ፣ አልኩ።

መቼ እንደሞቱ ያን ቀን አጥርቶ የነገራት ሰው አልነበረም፤ «ቆየት ብሏል» ብቻ ነው ያሏት። ለቀስተኛ ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ አባቴ አየር እንድትቀይር ብሎ ሐምሌ ላይ ወደ ጉያዋ ወሰደን። ከላይ ነፋሱ እየጮኸ፣ እኛ ጋ ግን ቀስ ተብሎ የተነገረ ነገር ሁሉ ይሰማ ነበር። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ አስፋውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በአሸዋው ሲጫወት ታየዋለች።

«በመስከረም ነው የሞተው» አለች ቀና ሳትል። «ወንድሜን ጠየቅኩት።»

«እርጉዝ ስለነበርሽ ነው እኮ» አለ አባቴ። «ደንቡ ነው።»

«ደንቡንማ አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። የልጄን ስም ማን አወጣው?»

አባቴ አሸዋውን በጫማው ጫፍ ይቆፍር ጀመር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ አየችኝ። «ማሚ ትሙት ስትይኝም ታውቂ ነበር?»

በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ወንድሜ እንዳይሞት ነው ልላት ነበር፣ ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልወጣልኝም። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ ልጁን ለአባቴ ሰጥታ ድንጋዮቹን ወጣችና ነፋሱ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ልሂድ ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ብዙ ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ «እንሂድ፣ ልጁ ይርበዋል» አለች። በ2022 ሰመር አባቴ ወደ ባሕሩ እንሂድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «እናንተ ሂዱ» ብላ ስለመለሰችለት፣ ከዚያ ወዲህ ማናችንም አልሄድንም።

ደንብ ከልጅ ጋር ሲደረግ ምን ያህል እንደሚከብድ አባቴ ያሰበበት አይመስለኝም፤ እኔም አልፈርድበትም፤ ደንግጦ ነበር። ወንድሜ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። መምህሮቹ አስፋው ይሉታል፣ አባቴ አስፋው ይለዋል፣ እኔም አስፋው እለዋለሁ፤ እናቴ ግን ከዚያ ሐምሌ ጀምሮ አንድም ቀን በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፣ «ማሙሽ» ነው የምትለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለብቻዬ ስለምኖር በየቀኑ ታወራኛለች፣ በልቻለሁ ወይ፣ ለብሻለሁ ወይ ትለኛለች፤ እንደ ድሮው ትወደኛለች። ያኔ ቃሌ ብቻ ይበቃት ነበር። አሁን «ደህና ነኝ፣ ማሚ» ስላት «እስቲ ቪዲዮውን ክፈቺው፣ ፊትሽን ልየው» ትለኛለች።