የአጎቴ ድምፅ በኮምፒውተራችን ሆድ

ትናንት ከእማየ ቤት ዕቃ ስናወጣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ተጎትቶ ወጣ። ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ ቢለኝ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ አልበራም። ማራገቢያው ብቻ እያቃሰተ ዞረና የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ያ ሽታ እየጎተተ ወደ ልጅነቴ፣ የጣና ንፋስ መጋረጃውን ወደሚያርገበግብበት ሳሎናችን ወሰደኝ።

አባየ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ይሠራ ነበርና ኮምፒውተሩን ያገኘው መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ለሠራተኛ ሲሸጥ ነው። እማየ ጥልፍ አልብሳ እንደ ሙሽራ አስቀመጠችው። ካህኑ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ለእሱም ይድረሰው ብላ ሙጭጭ ስትል፣ አባየ በገላው ከልሎ ነው ያተረፈው።

የአባየ ታላቅ ወንድም፣ መሪጌታ ላቀው፣ ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ለሕክምና በጀልባ ወደ እኛ መጡና ሐኪሙ ድምፅዎ ይሄዳል ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ከመምህራቸው የተቀበሉትን የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ የጾመ ድጓን አካሄድ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ተማሪ አልነበራቸውም፤ ጀማሪው ሁሉ መሀል ላይ እየተወ ተበትኗል። አባየ ማይክ ገዛ፤ ድምፁ ሳይሄድ እንቅዳው አለ። እሳቸውም ተቀምጬስ አልልም ብለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ኮምፒውተሩ ፊት ይቆሙ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ ያቆማሉ፤ ዶሮ ሲጮህ በዓይናቸው ይቆጣሉ፤ ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ካቆሙበት ያነሡታል። ቅጂውን የለመናቸውን ሁሉ ግን ያላለቀ ዜማ ከቤት አይወጣም እያሉ መለሱት።

ጥፋቱ የገባው በእንግዳ ነው። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ብሎ ነገር የለም፤ መዝሙሩም ፊልሙም የሚዞረው በፍላሽ ነበር። ከመሸንቲ ይምጣ ከማክሰኝት፣ በሽተኛ ጠያቂው ብርቱካኑን ካስቀመጠ በኋላ ኪሱን ይዳብስና፣ መሪጌታ ይስሙት ብዬ መዝሙር ይዤ መጣሁ ብሎ ፍላሹን ያወጣል። እንዴት ብሎ ሰው፣ ለበሽተኛ ያመጣኸው ቫይረስ አለበት ይባላል? አባየ እየተሳቀቀ ይሰካዋል።

ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ጀመረ። አባየ ከመሥሪያ ቤቱ አንቲቫይረስ አምጥቶ ጫነ፤ አልበቃው ብሎ ከኢንተርኔት ቤት ሌላ ደገመበት። ሁለት ዘበኛ ከአንድ ይሻላል አለ፣ ምስኪን። ሁለቱ ዘበኞች ሌባውን ትተው እርስ በርሳቸው ሲተናነቁ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ይቀር ጀመር። አንድ ቀን መሪጌታ ረጅሙን ዜማ ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ለካ ቀረጻው ገና ሲጀምሩ ቆሞ ኖሯል። እንደገና ተነሡ። በሁለተኛው ግን ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ ነው የወጣ። አባየ ያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

ቀረጻው እንዳለቀ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣም እያለ አስቸገረ። የጥገና ቤቱ መድኃኒት መቼም አንድ ነው፤ ፎርማት። ሁሉም ይጠፋልና የምትፈልጉትን አውጡ አለን። አባየ ሞኝ አልነበረም። የመሪጌታን ፎልደር አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈተው፤ ድምፃቸው ወጣ፤ እማየ እልል አለች።

ኮምፒውተሩ ተጠርጎ፣ ቀልጥፎ ተመለሰ። ፍላሹን ሰካነው። መሪጌታ ላቀው የሚለው ስም አለ፤ ሲነኩት ባዶ ነው። ጥገና ቤቱ ነው ነገሩን የገለጠልን፦ ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና እሱን የሚመስል፣ ሲነኩት ወደ ተደበቀው የሚመራ ሌላ በቦታው ያስቀምጣል። አባየ የገለበጠው አስመሳዩን ነው፤ ያን ዕለት የሰማነው ድምፅ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ከነበረው የመጣ ነው። እሱን ደግሞ እኛው በእጃችን አስጠረግነው።

አባየ ፍላሹን በመዳፉ ይዞ ወንድሙ ፊት ቆመ። መሪጌታ ገባቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ አፋቸውን ከፈቱ። አየር ብቻ ወጣ። ተቀመጡና በሹክሹክታ እንዲህ አሉት፦

«ተወው ወንድሜ። እኔም ከመምህሬ የተቀበልሁትን ግማሹን መንገድ ላይ ጥየ ነው የመጣሁ።»

ሊያጽናኑት ብለው ነው እንጂ፣ እንዳልጣሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጾሙ ሳይገባ አረፉ። አባየ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን አልነካውም፤ እንዳይጣልም ከለከለ፤ እስኪሞት ድረስ ከአልጋው ሥር አቆየው።

የጾመ ድጓ መጽሐፋቸው እኔ ዘንድ ነው። ቃሉ አለ፤ ከፊደሉ በላይም የዜማው ምልክት አለ። እሳቸው ምልክቱን እንዴት ያስኬዱት እንደነበር ግን የትም አልተጻፈ። በልጅነቴ በር ላይ ተቀምጬ ስለሰማሁት የመጀመሪያውን ሐረግ እይዘዋለሁ፤ ትንፋሽ የሚወስዱባትን ቦታም አውቃታለሁ። ትናንት ማራገቢያው ሲያቃስት ቀስ ብዬ ጀመርሁት። እዚያች ቦታ ደረስሁ፤ እንደ እሳቸው ትንፋሼን ሰበሰብሁ። ቀጣዩን አላውቀውም። ኮምፒውተሩን ነቀልሁት።