ዳገት ለሁለት ነፍስ

ከአምቦ የወጣነው በጥቅምት መጀመሪያ፣ በጠዋት ነው። የታናሽ ወንድሜ ሚስት ድርቤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና እናቷ ወዳሉበት ወደ ጎጆ ከተማ እንድትሄድ ተቆረጠ። ወንድሜ ለበቆሎ ሥራ ባኮ ስለወረደ መሸኘቱ ለእኔ ደረሰ። እኔ ደግሞ መንገድ ካሉኝ እምቢ አላውቅም።

እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ፣ «ድርቤ፣ አደራ፣ እህል አታብዢ። ልጁ ከገዘፈ በምጥ የምትሰቃዪው አንቺ ነሽ» አለቻት። በሰፈራችን እርጉዝ ሁሉ የምትመከረው ይህንኑ ነው። ድርቤም ታዛዥ ናት፤ ቁርሷ ቁራሽ ቂጣና ሻይ ብቻ ነበር።

ከጊንጪ ወዲያ

እስከ ጊንጪ በአውቶቡስ ሄድን። እዚያ ድንች ሊያመጣ ወደ ጎጆ የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘን። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ኖሮ፣ መንገዱን ካጋመስን በኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። «እስኪደርቅ ልተኛ ነው» አለ ሾፌሩ። ድርቤ ቀና ብላ ተራራውን አየች።

«ቤታችን ከዳገቱ ወዲያ ነው። እንሂድ፣ እትዬ።»

ዳገቱ ላይ

መጀመሪያ ላይ እያወራች ወጣች። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ቀስ በቀስ ወሬዋ ቀነሰ። በዚያ ብርድ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና፣ «እትዬ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ልጁም ከቅድም ጀምሮ ዝም ብሏል» አለችኝ። እኔም ሰው ፍለጋ መንገዱን ቁልቁል አማተርኩ።

አንድ ሽማግሌ ባዝራ እየሳቡ ደረሱ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ምን እንደበላች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ይቺ ባዝራ አርግዛለች» አሉ። «ዳገት ላወጣት ስል ገብስ እጨምርላታለሁ እንጂ እቀንስባታለሁ?»

ድርቤ በዚያ ድካሟ፣ «እንዴ ኦቦ፣ እኔ ባዝራ ነኝ?» አለች።

«ባዝራዋንስ ጌታዋ ያስብላታል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ለአንቺ ማን ያስብልሽ?»

ከስልቻቸው በሶ አውጥተው በቅል በጠበጡላት። ጠጣች፤ ደግመው ሰጧት። ጋቢዬን ደርቤላት ጠበቅን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይህቺ ልጅ ቁጭ ብላም ሰው እየሠራች ነው። በዚያ ላይ ዳገት ሲጨመርባት፣ ቁራሽ ቂጣ እስከ የት ያደርሳታል?

ድንገት እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

«ረገጠኝ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ትንሽ እየሄድን፣ ብዙ እያረፍን፣ በሶ እየቃመች ወጣን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎጆ ገባን። እናቷ ትኩስ ቅንጬ አቀረቡላት፤ ሳህኑን ጠርጋ በላች።

አምቦ

ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ታዲያ ልጁ ቢገዝፍስ?» አለች።

«እማዬ፣ ምጥም ዳገት አይደለም እንዴ? በባዶ ሆድ በምን ጉልበቷ ትወጣዋለች?»

በማግስቱ የሚቆላ ገብስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። እናቴ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ለበሶ ታምሳለች።

«ወደ ጎጆ የሚወጣ ሰው ፈልጊልኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።