የኔታ ብስክሌት ሲለምዱ

መንገዱ ተዘግቶ ቱሪስት ሲጠፋ፣ ለእንግዶች አከራያቸው የነበሩት ብስክሌቶች የቤቴን ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጆቹም ቆሙ። ያኔ ነው የላሊበላ ሰው፣ መምህሩም የሆቴል ሠራተኛውም፣ "እስኪ አስለምደኝ" እያለ ደጄን መርገጥ የጀመረው።

የኔታም መጡ። ታች ነአኩቶ ለአብ ገዳም እየወረዱ ዜማ ያስተምራሉ፤ ጉልበታቸው ግን አብጧል።

"የኔታ፣ በዚህ ዕድሜዎ?" አልኳቸው።

"እኔን የሚጎዳኝ ቁልቁለቱ ነው። መውረዱን እሱ ያውርደኝ፤ ዳገቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፌው እወጣለሁ።"

ሜዳው ላይ ጀመርን። ጋቢያቸው ካቴናው ውስጥ እየገባ ጣላቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው አላፈሩም፤ ጋቢውን ወገባቸው ላይ መታጠቅ ለመዱ። ከመነሳት በፊት ጎማውን ተጭኖ ማየት፣ የፍሬኑን ሽቦ በጣት መዳሰስ፣ ሁለቱንም ፍሬን ባንዴ መያዝ፣ ከባድ መኪና ሲሰሙ ወርዶ በተራራው በኩል መቆም፤ ሁሉንም እንደ ዜማ እየደጋገሙ ያዙት።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ቁልቁለቱ መሃል የኋላው ፍሬን ሽቦ ተበጠሰ። ጠዋት አብረን ዳስሰነው ደህና ነበር። የፊቱ ብቻውን ጭቃው ላይ አልያዘም። ገደሉን ሸሽተው ወደ ተራራው ጠመዘዙትና ከድንጋዩ ጋር ተላተሙ። ገበሬዎች በቃሬዛ አመጧቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ደሴ እንዳንወስዳቸው መኪና የለም።

ተማሪዎቻቸው መጀመሪያ አልጋቸውን ከበው ዜማቸውን ይቀጽሉ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ መምጣታቸውን ተዉ። ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ቆሰለ። ቁስሉን የምታጥብላቸው ነርስ ከከተማው ዳር በእግሯ ትመላለሳለች።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብገባ፣ "ይቺን ልጅ ብስክሌት አስለምዳት" አሉኝ።

"እርስዎን እንዲህ ያደረገዎትን?"

"እኔን የጣለኝ ሽቦ ነው። ሽቦውን ቀይርና አስለምዳት።"

ከሌላ ብስክሌት ሽቦ ፈትቼ ገጠምኩ። ነርሷ ፍሬኑን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም እያለች ለመደች።

የኔታ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ገበያ ሲሄዱ ነርሷን በዚያው ብስክሌት ላይ አዩዋት። ፊታቸውን አዙረው አለፉ። እሷም እዚያው ወረደች። ለታማሚዎቿ የያዘችው ፋሻ ከኋላ እንደታሰረ፣ የቀረውን መንገድ እየገፋችው ሄደች።