ልጅ በማይቆጠርበት አገር ልጅ ስመዘግብ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆቦ ካለው ቤቴ መጣች። ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት፤ ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። ከባጃጅ ወርዳ በሬ ላይ ስትቆም ጫማዋ በአቧራ ነጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዓይኔ ጠየቀችኝ፣ የምውጠውን መድኃኒት ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ጻፈች።

"አንቺንስ ማን ይጠይቅሻል?" አልኋት።

ብዕሯን ከወረቀቱ አነሣች። "ሪፖርቴን ይጠይቁኛል" አለች።

ከሄደች በኋላ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ ዋልሁ። ሐሳቤ ወደ ሮቢት መንገድ ይዞኝ ነጎደ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በራያ ሜዳ ላይ ዝናብ ከቀረ ሰንብቷል። ማሽላው ሰው መዋጥ ሲገባው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቀረ። ከሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የእርዳታ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ግን የሰፈራችንን እናቶች ፊደል ስላስቆጠርሁ "ይቺ ልጅ ትጽፋለች" ተባልሁና ቤተሰብ መዝጋቢ ሆንሁ። ቅጽና እርሳስ ሰጡኝ፣ መንደሩን በጣት አሳዩኝ፤ በቃ። አለቃችን እትዬ ዘነበች ማኅበራዊ ሥራ የተማረች፣ ከሸዋ የመጣች ሴት ናት። በሦስት ጣቢያ ተወጥራ ስለነበር የምናያት በሳምንት አንዴ ነው።

የሚገርመኝ፣ የዚያ ዘመን ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣልኝ ረሃቡ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ማለዳ ስወጣ ዞብል ተራራ ከመሬት ተነሥቶ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች አቧራው ውስጥ ይገባሉ፣ አንገታቸው ብቻ ይታያል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። የደረቀ አገዳ በነፋስ ሲፋተግ ዝናብ የመጣ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ቀና ብያለሁ። ልብ የሚወደውን ነው መሰለኝ የሚያስቀር።

ዘይነብ የምትባል እናት ቤት የደረስሁት በዚያ ሰሞን ነው። ባሏ የተረፉትን ግመሎች ይዞ ግጦሽ ፍለጋ ወርዷል። በሩ ላይ ሁለት ወንዶች ልጆች ተቀምጠዋል።

"ስንት ልጅ አለሽ?" አልኋት፤ ቅጹ እንደዚያ ስለሚል።

ልጆቹን አየት አድርጋ "ሁለት" አለች።

ከመጋረጃው ሥር የሌሎች ሁለት ሕፃናት እግር ይታየኝ ነበር። እኔም የራያ ልጅ ነኝ፤ ገባኝ። በኛ ዘንድ እናት ልጆቿን አትቆጥርም። የቆጠሩት ይጎድላል ይላሉ አሮጊቶቻችን። ሞት ደጅ ለደጅ በሚዞርበት በዚያ ወራት ደግሞ ማን ደፍሮ ይቆጥራል? ሁለቱ ትልልቆች በዓይኔ ስለገቡ አመነች፤ ትንንሾቹን ግን ከአፏ ሸሸገቻቸው። መጠየቁ ነውር መሰለኝ። ሁለት ብዬ ጻፍሁና ወጣሁ። አክብሮት ያደረግሁ መስሎኝ በሌሎችም ቤቶች እንደዚያው አደረግሁ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እህልና የሕፃናት ምግብ፣ ፋፋ፣ በሚታደልበት ሰልፍ ላይ ዘይነብን አየኋት። ትንሿን ልጅ፣ መዲናን፣ አዝላለች። የልጅቱ አንገት ራሷን መሸከም ትቶ ከእናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል።

"ምነው፣ እህሉ አልደረሳችሁም?" አልሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ የጻፍሽልንን ለአራት እናካፍላለን" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ የለም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡን ወደሚይዘው ሰውዬ በቀጥታ ሄድሁ። "ጓድ፣ ሁለት ልጆች ቀርተዋል፤ ጻፋቸው" አልሁት።

"መዝገቡ ተዘግቷል። ደግሞ ሁለት ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን ትዋሻለሽ።"

"የዋሸሁት ያኔ ነው። አሁን ጻፍ።"

"አምስተኛ ክፍል ጨርሰሽ እኔን ታዢኛለሽ?"

"አልጨረስሁም" አልሁት።

ሰልፉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ቅጼን በማግስቱ እንዳስረክብና እንድሰናበት ነገረኝ።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች የምትመጣበት ቀን ነበር። ቅጾቹን አስሬ አቀረብሁላት። እጇን አልሰደደችም። ከጣቢያው ጀርባ ወደነበረው ቁርቁራ ዛፍ ወሰደችኝና ከቦርሳዋ ቂጣ አውጥታ ለሁለት ቆረሰች።

"ብይና ንገሪኝ" አለች። "ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። አንቺን ያገኘሽን።"

ነገርኋት። የቁርቁራው ጥላ በነጠላዋ ላይ ይወዛወዛል።

"እኔ ይህን አላውቅም ነበር" አለች። "ሳላውቅ ነው ያን ጥያቄ አስይዤ የላክሁሽ። አሁን አንቺ አስተምሪኝ ዘሀራ። እዚህ አገር እናት ልጆቿን ሳትቆጥር እንዴት ታወራለች?"

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ዓይኔን ጨፈንሁ። የእናቴ ድምፅ መጣልኝ፤ አመሻሽ ላይ አንዳችንን ባንዳችን ላይ እየጠራች፣ ማን የት እንደሚተኛ ስትደለድል።

"በመኝታቸው" አልሁ።

አብረን ሄድን። እትዬ ዘነበች በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ መጀመሪያ ወሬ ተለዋወጥሁ፦ ስለ ደመናው፣ ስለ ግመሎቹ፣ ከባሏ ስለመጣው መልእክት። ከዚያ "ማታ ማን ከማን ጎን ይተኛል?" አልኋት።

ዘይነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ሰይድ በር በኩል ነው፤ ወንድ ነኝ ይላል። አሊ ከሱ ጀርባ። ከድር እግሬ ሥር እንደ ድመት ይጠቀለላል። መዲና ከደረቴ አትወርድም።"

እየተናገረች ጻፍሁ።

"ቆጠርሽብኝ?" አለች እርሳሱን እያየች።

"አልቆጠርሁም እቴ፤ ስም ነው የጻፍሁት።"

"እንግዲያስ አብሽሪ" አለችኝ፤ እሷው እኔን።

ጣቢያው ስንመለስ እትዬ ዘነበች ሰውየው ፊት ቆመች። "ስሕተቱ የኔ ነው፤ በኔ ስም መዝግበው። ይቺን ካሰናበትህ ግን የዚህን አገር ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ ሠራተኛ የለኝም፤ ነገ ራስህ ቤት ለቤት ትዞራለህ።" እያጉረመረመ ጻፈ። መዲና ፋፋዋን አገኘች፤ በሳምንቷ አንገቷን አቀናች። እኔም በነፋሱ ውስጥ ሄጄ አጉድዬ የጻፍሁባቸውን ቤቶች ሁሉ ተመልሼ አንኳኳሁ። አንዳንዱ ቤት የሚከፍት ሰው አልነበረውም፤ ቤተሰቡ ወዴት እንደሄደ የነገረኝ የለም። ያን አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከቁርቁራው ሥር የምንሰበሰበው መዝጋቢዎች ሁላችን ሆንን። የከበደንን እንናገራለን፣ አንዳችን ከሌላው እንማራለን፣ ሪፖርት በዚያ ሰዓት አይነሣም። ባለመዝገቡ ጓድ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ ዳር ተቀመጠ። ቂጣውንም በላ። ኋላ እትዬ ዘነበች ደሴ ኮርስ ላከችኝ፣ በየዓመቱም ደብዳቤ እየጻፈች ምን አዲስ ነገር እንደተማርሁ ትጠይቀኝ ነበር። በዚህ ሥራ ጠጉሬ እስኪሸብት ቆየሁ።

መዲና ዛሬ ዋጃ ትኖራለች፤ ወልዳ ከብዳለች። ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ "ጎበዝ ነበርሽ" ይሉኛል፤ ያናድደኛል። ጎበዝ አልነበርሁም። በተሳሳትሁ ቀን ብቻዬን አልተተውሁም፤ ይኸው ነው። ፍትሕ ለተረጂ ብቻ እንጂ ቤት ለቤት ለሚዞረው ሠራተኛ የማይገባ የሚመስለው ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣና እንከራከር። ያን ቀን እትዬ ዘነበች እጇን ዘርግታ ቅጾቹን ተቀብላኝ ቢሆን፣ እኔ ወደ እናቴ ቤት እገባ ነበር፤ ወደ ዘይነብ ቤት ግን ማን ይሄድ ነበር?