ውሃው ላይ የሚዘሉት

አያቴ፣ አቦሓጎ የምንላቸው፣ ከጅረቱ ውሃ ከመቀዳቱ በፊት ዳር ባለችው ድንጋያቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ከጤፍ የማይበልጡ ጥቋቁር ነፍሳት ውሃው ላይ ሲዘሉ ያዩ ነበር። መንደሩ «ቁንጫ ፈላጊው» እያለ ሳቀባቸው።

«ቁንጫማ ይሰምጣል፤ እነዚህ አይረጥቡም። እነሱ የሸሹትን ውሃ አትጠጡ» ይሉ ነበር።

ጣሊያን መኪናውን ጅረቱ ውስጥ ማጠብ ሲጀምር ነፍሳቱ ጠፉ። አያቴ ከጅረቱ እንዳይጠጡ ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። እኔ የልጅ ልጃቸው እንኳ «አቦሓጎ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ካለው የዓይናለም ምንጭ ድረስ ብቻቸውን እየሄዱ ይቀዱ ነበር፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ።

ለተዝካራቸው ያ የሳቀባቸው መንደር ጠላ እየጠጣ «አስተዋይ ሰው ነበሩ እኮ» አለ። የጠላው ውሃ ከዚያው ጅረት ነው። የቀዳሁትም እኔ ነኝ፤ ባዶ ድንጋያቸው አጠገብ ቆሜ፣ ውሃውን ሳላይ።