ጠርዙ ነጭ የሆነው ሳንቲም

ብርን በጆሮዬ እለያለሁ። ይህን ስል ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ቀን ደንበኛ ከሰጠኝ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ጮኸ። ሌሎቹ ቸክ ብለው ዝም ሲሉ እሱ ድምፁን ረዘም አደረገው። አንስቼ ሳየው አሮጌ ነው፤ የአዲሶቹ ጠርዝ ላይ የምትታየው ቀይ የመዳብ መስመር የለችበትም፤ ዙሪያውን ነጭ ነው። ድምፁን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ የድሮውን ማርትሬዛ ብር ሲገዛ መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጥሎ ያዳምጥ ነበር።

አባቴ ጎንደር ውስጥ ብር አንጥረኛ ነበር። ማርትሬዛ እያቀለጠ መስቀል ይሠራል። የሠፈሩ ሰው መስቀሉን ይስማል፣ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው እያለ ልጁን ከፊቱ ያሸሻል። እኔም አድጌ አዲስ አበባ ስገባ የአባቴን ሥራ ለማንም አላወራሁም። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የሚስቴ ቤተሰቦች የአባቴን ሙያ ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቼ “ነጋዴ ነበሩ” ብለው መለሱ። እኔ አላልኩም፤ ግን አላስተባበልኩም። ለሚስቴ እውነቱን የነገርኳት ከሠርጉ በኋላ ነው። “እማዬ ብቻ እንዳትሰማ” አለችኝ፤ በዚሁ ተዘጋ።

አሜሪካ መጥተን ሚስቴ ስታረግዝ አንድ ነገር ቆረጥኩ። የልጄን የክርስትና መስቀል ራሴ አዳምጬ ባገኘሁት ብር፣ በራሴ እጅ እሠራለሁ። ብሩን ገዝቼ መሥራት እችል ነበር። አባቴ ግን ብሩን ራሱ እየመረጠ ነው የሠራው፤ እኔስ ከማን አንሼ?

የሥራ ባልደረባዬ መንገዱን አሳየኝ። የሃምሳ ሳንቲሙን ግማሽ ዶላር ሰው ስለማይገበያይበት ከብር የተሠሩት አሮጌዎቹ ባንክ ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ አለኝ። ባንኮቹ በወረቀት ጠቅልለው ነው የሚሰጡት፣ ሮል ይሉታል። የሲልቨር ስፕሪንጓ የባንክ ሠራተኛ ሮል ስጠይቅ “በሳንቲም የሚሠራ ላውንደሪ ቤት አለህ እንዴ?” ትለኝ ነበር። የዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ ብር ያልሆኑትን የገዛህበት ባንክ አትመልስም። አንድ ጊዜ በስንፍና እዚያው መለስኩና በሳምንቱ ሌላ ሮል ገዛሁ። አንድ በአንድ ለቅሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወረቀቱን ገልብጬ፣ መልሼ ስጠቅልል ልብ ያላልኩትን የሚስቴን የአስቤዛ ጽሑፍ፣ “ሽንኩርት፣ ወተት” የሚለውን ያየሁት። የራሴን ሳንቲም ነበር መልሼ የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየገዛሁ፣ አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ በሚባለው ሠፈር ቤታችን አጠገብ ላለው ባንክ እመልሳለሁ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው፤ እኔ እስከዚያ ያገኘሁት አንድ የብር ሳንቲም ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ስጥል አማቴ ሕፃኗን አቅፈው ያዩኛል።

“የነጋዴ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል” አሉ አንድ ቀን ለሚስቴ፣ እያመሰገኑኝ።

ምስጋናው አንገበገበኝ። ሳላርማቸው ቀርቼ አባቴን እዚያው ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው አደረግሁት። በዚያው ቀን ሥራውን ጀመርኩ። አስፐን ሂል ባለው የባልደረባዬ ቤት ጋራዥ ውስጥ መዶሻና ሞረድ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ መዶሻ አልያዝኩም ነበር። ቸኩዬ ቀጠቀጥኩና ብሩ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። አባቴ “ብር ሲመቱት ያኮርፋል፤ ሲያኮርፍ እሳት አሳየው” ይል የነበረው ትዝ ያለኝ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ለክርስትናው አሥር ቀን ሲቀር ሁለተኛዋ ጮኸች። ከሮሉ መጨረሻ ላይ ነበረች። ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለችው ሚስቴ እንኳ ቀና አለች። በዚህኛዋ አልቸኮልኩም። መታሁ፣ እሳት አሳየሁ፣ መታሁ። እጄ ከእኔ የተሻለ ያስታውስ ነበር። ሞርጄ ስጨርስ የአባቴን መስቀል የመሰለች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ መስቀል ወጣች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

“እማዬ የት አሠራኸው ካለችህ ኦንላይን ኦርደር አደረግኩት በል” አለች ሚስቴ። የማተቡን ክር በመስቀሏ ማንጠልጠያ አሳለፍኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ከልጅቷ ማተብ ላይ ያለችውን መስቀል ገለበጧት።

“የት ነው ያሠራኸው?”

“እኔ ነኝ የሠራኋት፣ እማማ። አባቴ ነጋዴ አልነበረም። አንጥረኛ ነበር፤ ከእሱ ነው የተማርኩት።”

ሚስቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ልጅቷን አቀፈች። አማቴ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ቆዩ። በቃ፣ ሻንጣ እየሸከፉ ነው ብዬ ነበር። ሲወጡ በመሐረብ የቋጠሩትን ፈቱና ያረጀች የአንገት መስቀል መዳፌ ላይ አኖሩ። ማንጠልጠያዋ ተበጥሷል።

“እናቴ ናት ያሰረችልኝ። እስቲ አበጅልኝ።”

እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኋት። ጮኸች።

“ምን አለች?” አሉኝ።

“ማርትሬዛ ናት፣ እማማ። አንጥረኛ ነው የሠራት።”

“ታዲያ ሌላ ማን ሊሠራት ኖሯል?” አሉና ልጄን ከሚስቴ እቅፍ ተቀብለው አቀፉልኝ።